ግብር በምን ይመዘናል?

ነጋዴው የግብር ማስታወቂያ ሲደርሰው ቀድሞ የሚያየው የብሩን መጠን ነው። ይሁንና ግብር የሚመዘነው በመጠኑ ብቻ አይደለም። ስኮትላንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው መጽሐፍ አራት መመዘኛዎችን አስቀምጧል። ግብር እንደ ከፋዩ አቅም ይሁን፤ ስሌቱ አስቀድሞ የታወቀ ይሁን፤ ለከፋዩ በሚመች ጊዜ ይሰብሰብ፤ የመሰብሰቢያው ወጪም ይነስ። ከአራቱ ስሚዝ አጥብቆ የያዘው ሁለተኛውን ነው።

ለምን እንደሆነ በ2009 ዓ.ም. ክረምት በኢትዮጵያ ታይቷል። በወቅቱ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነ የደረጃ «ሐ» ነጋዴ መዝገብ የመያዝ ግዴታ አልነበረበትም። ስለዚህ ገማቾች በየሱቁ ዞረው የቀን ገቢውን ገመቱ። ውጤቱ ሲነገር ግን እንደ አምቦና ወሊሶ ባሉ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። ግብሩ የሚከፈለውም ገበያ በሚቀዘቅዝበት በሐምሌ ነበር።

የቀን ሽያጭ፣ ትርፍና ግብር ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው። በቀን 2 ሺህ ብር የሚሸጥ እህል ነጋዴና ያንኑ ያህል የሚሸጥ ቡና ቤት ትርፋቸው እኩል አይሆንም። ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው የተኬደበትን መንገድ ያላየ ከፋይ፣ ስሌቱ ትክክል ቢሆን እንኳ አያምነውም።

የግምት ግብር ነጋዴውን ከመዝገብ፣ መንግሥትን ከኦዲት ወጪ ያድናል። ዋጋው ግን እርግጠኝነት ነው። ደረሰኝና መዝገብ የሌለው ነጋዴ ግምቱ ሲበዛበት የሚሞግትበት ማስረጃ አይኖረውም።