ለአንድ ድረ ገጽ ሁለት በጀት

ኮተቤ ውስጥ የቤት ዕቃ እየሠራ የሚሸጥ አንድ አነስተኛ ድርጅት ድረ ገጽ ሊያሠራ አሰበ እንበል። ሐሳቡ የቅዠት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር የተመሠረተው ሶልሬብልስ ጫማውን በድረ ገጽ አማካይነት ለውጭ አገር ደንበኞች ሸጧል።

የባለቤቱ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ብር ይፈጃል?» የሚል ነው። ለሠሪው የሚከፈለው የአንድ ጊዜ ወጪ ነው፤ የስም ምዝገባውና የሰርቨር ኪራዩ ግን በየዓመቱ ይታደሳሉ። ኪራዩ በዶላር ሲሆን በጀቱ ከምንዛሪው ጋር አብሮ ይወጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 58 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ 100 ብርን አልፏል።

ሁለተኛው በጀት በቢት የሚለካ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይዘነጋል። በስልክ የተነሡ 6 ፎቶግራፎች፣ እያንዳንዳቸው 3 ሜጋባይት ሆነው፣ እንዳሉ ቢቀመጡ ገጹ 18 ሜጋባይት ወይም 144 ሚሊዮን ቢት ይሆናል። በሴኮንድ 1 ሚሊዮን ቢት በሚያስተላልፍ መስመር ለመከፈት ከ2 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ማን ይጠብቃል? የዳታውን ሒሳብ የሚከፍለውም ያው ደንበኛ ነው! የፎቶግራፎቹ ርዝመትና ስፋት ወደ አንድ አራተኛ ቢቀነሱ የነጥቦቹ ቁጥር ለ16 ይካፈላል፤ የፋይሉ መጠን በዚያው ልክ ቢቀንስ ገጹ በ9 ሴኮንድ ያህል ይከፈታል። በስልክ መስኮት ላይ ዐይን ልዩነቱን እምብዛም አያስተውለውም።

አንዳንዶች መዘግየቱን በሰርቨሩ ርቀት ያሳብባሉ። ሰርቨሩ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ፍራንክፈርት ቢቀመጥ እንኳ ብርሃን በኦፕቲካል ፋይበር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ የአንድ ደርሶ መልስ ጉዞ ዝቅተኛ ጊዜ ከ50 ሚሊሴኮንድ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ከሠሪው ጋር በሚፈረመው ውል ውስጥ ከብሩ መጠን ጎን የገጹ ከፍተኛ ክብደት በሜጋባይት ይጻፍ።