ከመጋዘን የወጣ ሞተር ብስክሌት

ለዓመታት መጋዘን ውስጥ የከረመን ሞተር ብስክሌት ለቆራሌው መስጠት ያሳዝናል፤ ብዙው ሊድን ይችላልና። በጉና ተራራ ግርጌ፣ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር፣ የክረምቱ እርጥበት ዋናው ጠላት ነው። ሰርባቶዮው ጎደሎ ሆኖ ከቆመ በባዶው ክፍል ውኃ ይቋጠርና ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል።

ቸኩሎ ማስነሻውን መርገጥ አይገባም። ካንዴላው ይፈታና በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ይጨመራል፤ ካደረ በኋላ ሞተሩ በቀስታ ይዞራል። ፒስተኑ ተጣብቆ ከሆነ ጉልበት የሚጨምረው ስብራት ብቻ ነው።

ቀጥሎ ካርቡራተሩ። አሮጌ ቤንዚን ሲተን ሙጫ መሰል ዝቃጭ ይተውና ጠባቧን የቤንዚን መተላለፊያ ይደፍናል። በሽቦ መጎርጎር ልኳን ያሰፋዋል፤ ማጠቢያ ፈሳሽና የኮምፕረሰር አየር ይሻላል።

ከፍታው ሌላ ጣጣ አለው። እዚህ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠረፍ ከሩብ በላይ ስለሚያንስ፣ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ጉልበት ያሳጣል። መፍትሔው የቤንዚኑን መጠን መቀነስ ነው።

ሞተሩ ተነሣ ማለት ግን ለጉዞ ደረሰ ማለት አይደለም። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወስደው መንገድ ወደ ፎገራ ሜዳ 800 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ የደረቀ የፍሬን ሸራና የተሰነጣጠቀ ጎማ ሳይቀየሩ መነሣት የለበትም።