ናዝሬት ብሎ የፈለገ እንግዳ አዳማን ያገኛል?

የአዳማ ሆቴሎች አንዱ የገበያ ችግር ስም ነው። ከተማዋ በይፋ አዳማ ብትባልም ሾፌሩም ነጋዴውም ዛሬም ናዝሬት ይላታል። በእንግሊዝኛ “ናዝሬት ሆቴል” ብሎ ጎግል ላይ ለፈለገ የውጭ እንግዳ ግን ቀድማ የምትመጣለት የእስራኤሏ ናዝሬት ናት። ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ፣ ዝዋይና ባቱም ባለ ሁለት ስም ናቸው፤ በቁቤ ሲጻፉ ደግሞ ሌላ አጻጻፍ ይጨመራል።

ቀድሞ መላው ቀላል ነበር፤ ስሞቹን ሁሉ ድረ ገጽ ላይ ደጋግሞ መደርደር። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2012 ፔንግዊን ባለው ማሻሻያ እንዲህ ያለውን ገጽ ወደ ታች መጣል ጀመረ። በ2019 መጨረሻ ደግሞ ቃልን ከአገባቡ የሚረዳው በርት አማርኛን ጨምሮ ከ70 በላይ ቋንቋዎች ደረሰ።

አሁን የመጣው ለነጋዴው ይብሳል። ከግንቦት 2024 ወዲህ፣ መጀመሪያ በአሜሪካ፣ ጎግል መልሱን ራሱ ጽፎ ከውጤቶቹ በላይ ያስቀምጣል። ጠያቂው ያንን አንብቦ ከሄደ የሆቴሉን ገጽ የሚከፍት የለም። መልሱ የሚቀዳውም በጽሑፍ ከተገኘው ነው፤ ዋጋውን በስልክ ብቻ የሚናገር ሆቴል ስሙ ለመነሳት ይቸገራል። በቦታው የሚነሱት አልጋ የሚያሻሽጡ የውጭ ድርጅቶች ናቸው፤ እነሱ በላኩት እንግዳ ደግሞ ኮሚሽን ይቆረጣል።

“አዳማ (ናዝሬት)፣ ኢትዮጵያ” ብሎ በአንድ መስመር መጻፍና አድራሻን፣ ስልክን በጎግል ካርታ ማስመዝገብ ግን ክፍያ የለውም፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።