ጣቶች ሲያነቡ የሚነቃው አንጎል

ፉሪን አልፎ ሰበታ የደረሰ መንገደኛ ከተማዋን በፋብሪካዎቿ ያስታውሳታል። እኔ ግን የሰበታ ታላቅ ሥራ የሚሠራው በመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ነው ባይ ነኝ። ከየአካባቢው የመጡ ዓይነ ስውራን ልጆች እዚያው እያደሩ ይማራሉ። ስሌት በተባለ ባለቀዳዳ ሰሌዳና ስታይለስ በተባለ መውጊያ ወፍራም ወረቀት ላይ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጉ ይጽፋሉ፤ ወረቀቱን ገልብጠው ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ በጣታቸው ያነባሉ። ከብሬል ስድስት ነጥቦች የሚወጡት ምልክቶች 63 ብቻ ስለሆኑ ከ200 ለሚበልጠው ፊደላችን አይበቁም። ስለዚህ የአማርኛ ብሬል ተነባቢውንና አናባቢውን ለየብቻ አስከትሎ ይጽፋል፤ የሚያይ ልጅ በአንዲት «ሙ» ያለፈውን ዓይነ ስውሩ ልጅ በሁለት ምልክት ይዳስሰዋል።

ያ ዳሰሳ አንጎል ውስጥ የት ይደርሳል? ከማጅራት ከፍ ብሎ፣ በስተኋላ በኩል፣ ለማየት የተመደበው ክፍል ድረስ ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ1996 ኖሪሂሮ ሳዳቶና በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የነበሩ ባልደረቦቹ፣ በልጅነታቸው ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች ብሬል ሲያነቡ ይኸው ክፍል እንደሚሠራ አሳዩ። በዓመቱ ሊዮናርዶ ኮኸንና ጓደኞቹ ከራስ ቅል ውጭ በሚሰጥ የመግነጢስ ምት ክፍሉን ለአፍታ ሲያውኩት አንባቢዎቹ ተሳሳቱ፤ ነጥብ የጠፋባቸው፣ የሌለ ነጥብ የተሰማቸውም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ከልደቷ ጀምሮ ዓይነ ስውር የሆነች፣ ብሬል አቀላጥፋ ታነብ የነበረች ሴት ታሪክ ታተመ። የአንጎሏን የኋላ ክፍል ግራና ቀኝ ስትሮክ መታውና ማንበብ አቃታት። ጣቷ ነጥቦቹን ይለያል፤ ነጥቦቹ ግን ቃል አልሆን አሏት። ብርሃን አይቶ የማያውቅ የአንጎል ክፍል ለዓመታት ሲያነብላት ኖሯል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ትስስር የሚበጀው በልጅነት ነው። ሕፃን ሲወለድ የእንቅስቃሴ፣ የመስማትና የማየት መረቦች በመጠኑ ተሰናድተው ይገኛሉ። በስድስት ዓመቱ የአንጎሉ መጠን የአዋቂውን 90 ከመቶ ያህል ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ በይበልጥ የሚለወጠው ግንኙነቱ ነው። ብዙም የማይሠራባቸው የነርቭ መገናኛዎች ይመነጠራሉ፤ የሚሠራባቸው ረጃጅም የነርቭ ክሮች ደግሞ ማይሊን የተባለ ቅባታማ ሽፋን ስለሚለብሱ መልእክት ይፈጥንባቸዋል። የፉሪ ሰፈሮች በጥርጊያ መንገድ ሲገናኙ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2016 በፉሪ ለቡ ጣቢያ የተመረቀው ባቡር ከጅቡቲ ጋር እንዳስተሳሰራቸው፣ በአንጎልም የቅርብ ለቅርቡ ግንኙነት ይቀድምና የሩቆቹ እያደር ይጠነክራል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ልጆች ይህ ትስስር በሚለካበት የኤምአርአይ መሣሪያ ውስጥ ሲገቡ ከአዋቂ ይልቅ ይነቃነቃሉ፤ ይህ መነቃነቅ ብቻውን የሩቁን ትስስር አሳንሶ የቅርቡን አጉልቶ እንደሚያሳይ እ.ኤ.አ. በ2012 ታወቀ። ሐሳቡ ጨርሶ ባይሻርም የለውጡ መጠን ቀደም ሲል ከተነገረው አነሰ።

በአፍላነት ዕድሜ በተለይ የሚበስለው ከግንባር ኋላ ያለውን ክፍል ከሌላው የሚያገናኘው መረብ ነው። ማቀድ፣ ስሜትን መግታት፣ የሚመጣውን አስቀድሞ ማሰብ የእሱ ሥራ ነው፤ እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽም መብሰሉን አይጨርስም።

ለሰበታ ልጆች ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ የጊዜው ጉዳይ ነው። ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳሳየው ከ14 ዓመታቸው በኋላ ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች ብሬል ሲያነቡ የማየት ክፍላቸው አያግዛቸውም፤ የሳዳቶ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ወሰኑን 16 ዓመት ላይ አደረገው። እነዚህ ቁጥሮች የሚናገሩት ዓይን ስለጠፋበት ዕድሜ እንጂ ትምህርት ስለተጀመረበት አይደለም። ቢሆንም በኩፍኝ ወይም በቫይታሚን ኤ እጥረት በሦስት ዓመቱ ዓይኑን ያጣ ልጅ፣ ቤተሰቡ የሚማርበት ቦታ መኖሩን ሳያውቅ እስከ 12 ዓመቱ ቤት ቢያስቀምጠው፣ የሚባክነው ይህ ሁሉ ነገር የሚበጅበት ወቅት ነው። አንጎሉ ሥራ አይፈታም፤ የማየት ክፍሉ ለድምፅና ለንግግር ይውላል። ነጥብን ወደ ፊደል፣ ፊደልን ወደ ቃል መለወጥ ግን ከሚያስተምር ሰው ጋር ካልሆነ አይገኝም። ዓይናቸው ካደጉ በኋላ የጠፋባቸውም ብሬል ይማራሉ። ሲለማመዱ የሚያነበው ጣት በዳሰሳ ክፍሉ ውስጥ ያለው ድርሻ ይሰፋል፤ የንባብ ፍጥነታቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ከጀመሩት ያንሳል።