የከተማው ሰላምና የመንገዱ ሰላም

በግጭት አቅራቢያ ወዳለ አካባቢ በአነስተኛ ወጪ ለመጓዝ የሚያስብ ሰው ለጉዞ ባለሙያ የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ስለ መድረሻው ነው፤ ላሊበላ ሰላም ነው ወይ፣ ጎንደር ሆቴሎች ይሠራሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የሚያገኘው መልስ እውነት ሆኖ ሳለ ሊያሳስተው ይችላል። ባለፉት ዓመታት በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋግሞ እንደታየው ከተማው ገበያው ደርቶ፣ ቅዳሴው ሳይታጎል ሲውል፣ ወደ ከተማው የሚያስገባው መንገድ ግን ለቀናት ተዘግቶ ይቆያል። ስለዚህ በባለሙያው ዘንድ መመዘን ያለባቸው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የከተማው ሰላም አንድ፣ የመንገዱ ሰላም ሌላ።

ልዩነቱ ሁሉንም ተጓዥ እኩል አይጎዳም። አቅም ያለው ተጓዥ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል በርሮ ላሊበላ ሲያርፍ በመካከል ያለውን አገር ሁሉ ከላይ ያልፈዋል፤ በአውቶቡስ የሚሄደው ግን በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር፣ በኮምቦልቻና በደሴ አድርጎ ወልድያ ከደረሰ በኋላ ወደ ምዕራብ ታጥፎ በጋሸና በኩል ይገባል፤ በየኬላው እየወረደ ይፈተሻል፣ በመካከልም ያድራል። በደኅና ጊዜ በቁጠባ መጓዝ ማለት ገንዘብን በጊዜ መለወጥ ነው፤ ርካሹን መጓጓዣ የመረጠ ሰው የሚከፍለው በሰዓትና በድካም ነው። ግጭት ሲኖር ግን አደጋው ያለው መንገድ ላይ በመሆኑ፣ በመንገድ ላይ የሚያልፈው ሰዓት በበዛ ቁጥር ለአደጋው መጋለጡም ይበዛል። በሰኔ 2016 መጨረሻ ገብረ ጉራቻ አካባቢ ለማስለቀቂያ ገንዘብ ከታገቱት የአውቶቡስ መንገደኞች ብዙዎቹ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ተማሪዎች ነበሩ። በአውቶቡስ መሄዳቸው ጥንቃቄ ማጣት አልነበረም፤ ለተማሪ ኪስ የሚሆነው መጓጓዣ እሱ ነው። ይህ ሊያሳዝን ብቻ ሳይሆን የጉዞ ምክር የሚሰጥበትን መንገድ ሊለውጥ የሚገባ ነገር ነው።

የመንገዱን ሰላም ለማወቅ ከመናኸሪያ የተሻለ ቦታ የለም። ማለዳ በአሥራ አንድ ሰዓት ስምሪት፣ ማለትም አውቶቡሶች በየመስመሩ የሚመደቡበት ሥራ፣ ሲጀመር ብዙ ተጓዥ ዓይኑን የሚጥለው በሚወጡት መኪኖች ላይ ነው። ልምድ ያለው ባለሙያ ግን አስቀድሞ የሚጠይቀው ትናንት ማታ ከመድረሻው ወገን የገባ መኪና መኖሩን ነው። ሾፌር በተስፋ ሊወጣ ይችላል፤ የገባ መኪና ግን መንገዱን ጨርሶ የመጣ ምስክር ነው። ከአውቶቡሱ ሾፌር ይልቅ የጭነት መኪና ሾፌሮች የበለጠ ያውቃሉ፤ እህልና ሲሚንቶ ጭነው ስለሚመላለሱ መንገዱ የት ላይ እንደሚከፋ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ መንቀሳቀስ እንደማይበጅ ይናገራሉ። ከፊት የሚመጣ መኪና በጠራራ ፀሐይ መብራት ሲያበራ ከፊት ችግር እንዳለ ለሾፌሩ መንገሩ ሊሆን ይችላልና፣ ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ ዳር ሲይዝ ተሳፋሪ «ለምን ቆምን» ብሎ ሊያጣድፈው አይገባም። በየከተማው መኪና እየቀየሩ መሄድም ከቀጥታ አውቶቡስ የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ወጪው ትንሽ ቢጨምርም በየማረፊያው ቆም ብሎ ለመጠየቅና ካስፈለገ ለመመለስ ያስችላል።

ለገናና ለጥምቀት ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጡ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሌላም የሚያዩት ነገር አለ። የአሜሪካ መንግሥት የጉዞ ማሳሰቢያ አገሮችን ከ1 እስከ 4 በደረጃ ሲያስቀምጥ፣ የእንግሊዙ ደግሞ «በፍጹም አትሂዱ» የሚለውን «የግድ ካልሆነ አትሂዱ» ከሚለው ይለያል፤ ብዙ የጉዞ መድን ውሎችም ማሳሰቢያውን ተላልፎ ለሄደ ሰው ሽፋን አይሰጡም። በርካሽ የተገዛ መድን በሚያስፈልግበት ቦታ የማይሠራ ከሆነ እንዳልተገዛ ይቆጠራል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ በስልክ መተግበሪያ ብቻ ተማምኖ የወጣ ሰው እንደሚቸገር ግልጽ ነበር። ዝርዝር ብር በሁለት ቦታ ከፍሎ መያዝና ያለ ኢንተርኔት በአጭር ቁጥር የሚሠራውን የቴሌብር አገልግሎት አስቀድሞ መለማመድ ይበጃል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ከባለሙያ ይልቅ ሊጠየቁ የሚገባቸው ተሳላሚዎች ናቸው። በኢትዮጵያ በአነስተኛ ወጪ መጓዝን ከሁሉ አስቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ በማኅበር ተደራጅተው፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ሰንቀው፣ በድንኳን ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አድረው ይሄዳሉ። ቁጠባቸው በምግብና በማደሪያ ላይ ነው፤ በመንገዱ ላይ ግን አይቸኩሉም፣ አስተባባሪያቸው «እንደር» ሲል ያድራሉ። ለብቻው የሚጓዝ ሰው ይህን ልማድ ቢወርስ ብዙ ይጠቀማል።

ከዚህ በመነሳት በጀት ሲሠራ በቅድሚያ መቀመጥ ያለበት የመሄጃው ሳይሆን የመመለሻው ገንዘብ ነው፤ መንገዱ ድንገት ቢዘጋ ለአውሮፕላን ትኬትና ትኬቱ እስኪገኝ ለሚያልፉት ቀናት ማደሪያ የሚበቃ ያልተነካ ገንዘብ መኖር አለበት። በረራውም ዋስትና አይደለም፤ በሐምሌ 2015 መጨረሻ ወደ ላሊበላና ጎንደር የሚደረጉ በረራዎች ለጊዜው ተቋርጠው ነበር። ይህ ገንዘብ ለሌለው ተጓዥ ባለሙያው ጉዞውን ሊሸጥለት አይገባም። ይህን ማለት ቀላል አይደለም፤ በላሊበላ አስጎብኚው፣ የማረፊያ ቤት ባለቤቷና ጫማ ጠባቂው ወጣት ለዓመታት እንግዳ አጥተው ተቸግረዋል፣ እያንዳንዱ የቀረ ተጓዥም ከገቢያቸው ላይ ይቀነሳል። ቢሆንም መንገዱ እስኪከፈት ጉዞውን ማዘግየት፣ እስከዚያም የአስጎብኚውን ስልክ ቁጥር ለተጓዡ ሰጥቶ ሁለቱ በቀጥታ እንዲነጋገሩ ማድረግ ይቻላል፤ አስጎብኚው የትኛው ሳምንት እንደሚሻል ከማንም በፊት ይሰማል።