የራዲዮ ቫልቭ፤ አሮጌው ይሻላል ወይስ አዲሱ?

ቫልቭ ማለት አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የመስተዋት ብልቃጥ ነው። በውስጡ ያለው ካቶድ ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል፤ አኖድ የተባለው ብረትም ይቀበለዋል። በመካከል ያለው ግሪድ እንደ በረኛ ሆኖ የሚያልፈውን መጠን ይወስናል። ደካማው ድምፅ በግሪዱ ገብቶ በአኖዱ በኩል በርትቶ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። እንግሊዛዊው ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 ግሪድ የሌለውን ሠራ፤ ብዙም ሳይቆይ አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት ግሪዱን ጨመረበት።

ሙዚቃ ወዳዶች የድሮው ቫልቭ ድምፁ ይጥማል እያሉ ለአንድ አሮጌ ሙላርድ የአዲሱን ብዙ እጥፍ ይከፍላሉ። እኔ ግን ነገሩ ከጆሮ ይልቅ የኪስ ጉዳይ ይመስለኛል። እርግጥ የድሮዎቹ መልካም ስም እንዲያው አልተገኘም። ያን ጊዜ ቫልቭ ለራዲዮ፣ ለስልክና ለጦር ሠራዊት በብዙ ሚሊዮን ይሠራ ስለ ነበር የሠራተኛው እጅ የለመደ፣ ምርመራውም የጠበቀ ነበር። ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 ከተፈለሰፈ በኋላ ግን ፋብሪካዎቹ ቀስ በቀስ ተዘጉ። ዛሬ የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ ከእነርሱም ዋናዎቹ በሩሲያ ሳራቶቭ፣ በስሎቫኪያ ቻድጻና በቻይና ይገኛሉ። ሙላርድ የሚለው የእንግሊዝ ስም እንኳ ዛሬ የሚታተመው በሳራቶቭ ቫልቭ ላይ ስለ ሆነ፣ ስም አይቶ መግዛት አያዋጣም።

ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ያነሣሣኝ አያቴ ዜና ያዳምጡበት የነበረው የጀርመን ራዲዮ ነው። ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ዝም ስላለ፣ አባቴ ለቆራሌው ይሰጥ ብለው ነበር። ድምፅ አውጪው ቫልቭ ኢኤል 84 ይባላል፤ አዲሱ እስከ ዛሬ ይሠራል። ኢሲኤች 81ን የመሰሉት ግን ለራዲዮ ብቻ የሚያገለግሉ በመሆናቸው በአዲስ አይሠሩም፤ ያለው አሮጌው ብቻ ነው። ደግነቱ ሙዚቃ ወዳዶች ስለማይሻሙባቸው ዋጋቸው አይከብድም።

ጠጋኙ ሽማግሌ ግን ቫልቭ ከመግዛታችን በፊት አንዲት ትንሽ ካፓሲተር ለወጡ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ወደ ኢኤል 84 ግሪድ ድምፅ የምታሳልፈው የወረቀት ካፓሲተር ስታረጅ ኤሌክትሪክ ታሾልካለች። ግሪዱ በረኛነቱን ያጣል፤ ቫልቩ ከመጠን በላይ ኤሌክትሪክ ያሳልፍና አኖዱ እስኪቀላ ይግላል። እንዲህ ባለ ራዲዮ ላይ በውድ የተገዛ ቫልቭ ቢተከል ያው ይቃጠላል። ካፓሲተሯ ከተለወጠች በኋላ የደከመው ኢኤል 84 ብቻ በስሎቫኪያው ተተካ፤ ሌሎቹ አሮጌዎች እንዳሉ ቀሩ። አያቴም የማታውን ዜና እንደ ዱሮው ያዳምጣሉ።

አሮጌ ቫልቭ የሚገዛ ሰው በመስተዋቱ ላይ ያለውን እንደ ብር የሚያበራ ጥቁረት ይመልከት። እርሱ አየር የሚያስቀር ባሪየም ነው፤ ነጭ ከሆነ አየር ገብቶበታልና ቫልቩ ሞቷል። ብሩ ቢያበራም ካቶዱ አልቆ ሊሆን ስለሚችል በመለኪያ ማስመርመር ይገባል።

የትምህርት ጓደኞቼ ሆይ፤ በእንዲህ ያለ ራዲዮ ውስጥ ወደ 250 ቮልት አለ፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በትልልቆቹ ካፓሲተሮች ውስጥ ተጠራቅሞ ይቆያል።