ዕድሜያቸው ለተለያየ ዶሮዎች የሚስማማ መኖ፤ በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ

ከቀዬው ለተነሣ ቤተሰብ ዶሮ እንደ መቋቋሚያ የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ2008 ዓ.ም. ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከግጭ ተነሥቶ በደባርቅ ከተማ ዳር የሠፈረው ሕዝብ የገብስ እርሻውንና የከብት ግጦሹን ትቶ የመጣ ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ዳባትን በነካ ጊዜም ብዙ ገበሬ ከመንደሩ ተፈናቅሏል። እንዲህ ያለው ቤተሰብ በሬ የሚያሰማራበት መስክ ባይኖረውም፣ አምስት ዶሮ የሚውልበት ግቢ አያጣም። ይሁን እንጂ ዶሮው ሲታደል መኖው ካልታሰበበት፣ እርዳታው ከግማሽ በታች ነው።

ችግሩ የሚጀምረው መንጋው አንድ ዓይነት ካለመሆኑ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ የታደሉት ቄቦች፣ ቀድሞ የነበረች የሐበሻ ዶሮ ከነጫጩቶቿ፣ እንዲሁም አንድ አውራ ዶሮ በአንድ ገበታ ይለቅማሉ። ከከተማ በጆንያ የሚመጣው የእንቁላል ጣይ መኖ ግን የተዘጋጀው ለጣይዋ ብቻ ነው። የአንድ እንቁላል ቅርፊት 2 ግራም ያህል ካልሲየም ስለሚይዝ፣ በዚህ መኖ ውስጥ ከመቶ 3.5 እስከ 4 እጅ ካልሲየም ይገኛል። ለጫጩትና ለቄብ የሚበቃው 1 እጅ ገደማ ነው። ትርፉን ማስወጣት የኩላሊታቸው ሥራ በመሆኑ ኩላሊታቸው ይጎዳል፤ አንዳንዶቹ ይሞታሉ፣ የተረፉትም ቄቦች ወደፊት እንቁላል ጣይነታቸው ይቀንሳል። ባለቤቱ ግን በሽታ ገባ ብሎ መድኃኒት ይፈልጋል።

ስለዚህ ለተደባለቀ መንጋ የሚመረጠው መኖ ለታዳጊዎቹ የሚስማማው ነው። ይኸውም ፕሮቲኑ ከመቶ ከ16 እስከ 18 የሚደርስ፣ ካልሲየሙም ዝቅተኛ የሆነው ነው። ጣይዋ የሚጎድላትን ካልሲየም በሌላ ዕቃ ለብቻው ታገኛለች። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ወይም በእሳት ደርቆ በደንብ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት በሸክላ ስባሪ ቢቀመጥላት፣ የሚያስፈልጋትን ያህል ራሷ ትለቅማለች፤ ጫጩቶቹም ብዙ አይነኩትም። ቅርፊቱ እንዳለ ከተሰጣት ግን እንቁላል መብላት ትለምዳለች። ለግድግዳ የሚሆነው የተቃጠለ ኖራ አፍና አንጀት የሚያቃጥል ስለሆነ ፈጽሞ አይሰጥም።

በአካባቢው ከሚገኘው እህል ለ100 ኪሎ መኖ የሚከተለው ድብልቅ ለምሳሌ ሊወሰድ ይችላል፦ ገብስና ስንዴ ተከክቶ 50 ኪሎ፣ ፉርሽካ 12፣ የኑግ ፋጉሎ 22፣ ተቆልቶ የተከካ ባቄላ 13፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄት 2፣ ጨው ግማሽ ኪሎ፣ የቪታሚንና የማዕድን ቅልቅል ግማሽ ኪሎ። ፕሮቲኑ 17 ከመቶ ገደማ ይሆናል። ፋጉሎና ባቄላ አብረው የገቡት በዘፈቀደ አይደለም። ፋጉሎ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ባቄላ ይህ ሞልቶት ሜታዮኒን ይጎድለዋል። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል፤ እንጀራ ከሽሮ ጋር መበላቱም ከዚሁ የራቀ አይደለም። የእርዳታ ስንዴ ብቻውን ሲበተን ግን ዶሮዋ ትወፍራለች እንጂ እንቁላል አትጨምርም። ለሰው የመጣ ቀለብ በዚህ መንገድ ማለቁም የሚያሳዝን ነው።

ከሊማሊሞ በታች፣ በዛሪማ በኩል፣ ከገብስ ይልቅ ማሽላ ይቀርባል። ነጩ ማሽላ ይሻላል፤ ቀዩና የሚመረው ፕሮቲን የሚያስር ታኒን ስላለበት በጥቂቱ ብቻ ይግባ። በድርቅ ዘመን ሳይቀር የሚገኘው ጓያ ርካሽ ቢሆንም ለሰው የእግር ሽባነት የሚያመጣው መርዝ ጫጩትንም ስለሚጎዳ ከመኖ ውስጥ ባይገባ ይመረጣል። የሻገተ ፋጉሎ ወይም በቆሎም ለሰው አይበላም ተብሎ ለዶሮ መጣል የለበትም፤ የሻጋታው መርዝ ጉበትን ያጠፋል።

በመጠን ረገድ፣ ተዘግታ የምትመገብ ጣይ ዶሮ በቀን እስከ 120 ግራም ትበላለች። አምስት ዶሮ በወር 18 ኪሎ ይፈጃል ማለት ነው። ውጭ ውላ ለምትለቅም ከ40 እስከ 50 ግራም ድጎማ ሊበቃት ይችላል። ይህ ግን ምድሩ ትልና ቅጠል ባለው ጊዜ ነው። በበጋና በድርቅ ግቢው ባዶ ሲሆን ድጎማው ይጨመራል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በደባርቅ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ስለሚበርድ፣ ሰውነቷን ለማሞቅ የምታጠፋው ምግብ ተጨማሪ ነው፤ ማታ ከመስፈሯ በፊት ጥቂት ጥሬ እህል ቢሰጣት ይረዳታል። በዚህ ስሌት ሲታይ፣ መኖ የመግዛት አቅም ለሌለው ቤት አሥር ዶሮ ከመስጠት አራት ዶሮ ከሦስት ወር መኖ ጋር መስጠት ይሻላል።

ጫጩቶች ትልልቆቹ እየገፏቸው እንዳይራቡ የእነርሱ ገበታ በእንጨት ፍርግርግ ይከለላል። ክፍተቱ ጫጩት የሚያሾልክ፣ እናቲቱን ግን የሚያግድ ይሁን። እስከ ስምንት ሳምንት ድረስ ፕሮቲናቸው ወደ 20 ከመቶ ከፍ እንዲል፣ በዚያ ገበታ ላይ ከድብልቁ ጋር በደንብ የተፈጨ ባቄላና ፋጉሎ ይጨመራል።